ተማሪው ምን ይዞ ይሄዳል?

(የማሲንቆ ድምፅ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በየትምህርት ቤቱ በሚኒ ሚዲያና በኪነ ጥበብ ክበብ ለምትሳተፉ ልጆችና ለመምህሮቻችሁ ነው። ወላጆችም አብራችሁ ብትሰሙ ደስ ይለኛል፤ ወደ መጨረሻው እናንተን የሚመለከት ነገር አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ክረምት መግቢያ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ክበብ ሲለማመድ ለማየት ሄጄ ነበር። ደብረ ታቦርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰኔ ላይ ከጉና የሚወርደው ዳመና ከተማውን ከሸፈነ እኩለ ቀኑም ምሽት ይመስላል። በረዶው ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረማ ማን ማንን ይሰማል? ማሲንቆ የሚመታው ልጅ ሦስት ጊዜ እንኳ ሳይገዘግዝ ድምፁ ወረደበት። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ረግቧል። ልጁ ምንም ሳይደናገጥ ወደ ዘበኛው ቤት ሄዶ የከሰል ምድጃ ይዞ መጣና፣ ማሲንቆውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አስተኝቶ፣ ከፍሙ አንድ ክንድ ያህል አርቆ እያገላበጠ ያሞቀው ጀመር። አልፎ አልፎ ቆዳውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ደግሞ ያሞቃል። ሁላችንም ዝም ብለን እሱን ስንጠብቅ ከጨፋሪዎቹ አንዷ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ አውሮፓ ወስደው መድረክ ላይ ቢያቆሙን ምን እናሳያለን? እነሱ እኮ ሁሉ ነገር አላቸው።»

ለጊዜው የመለስኩላት መልስ እኔንም አላረካኝም። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ከረመ። ስለዚህ ዛሬ ለእሷም ለእናንተም፣ ለጥበብ ብለው ወደ አውሮፓ ከተሞች ስለተጓዙ የአገራችን ልጆች፣ ይዘው ስለሄዱትና ይዘው ስለተመለሱት ነገር ላጫውታችሁ።

ለመሆኑ ጥበብን ፍለጋ አገር ማቋረጥ ለእኛ አዲስ ነው? የቆሎ ተማሪ ታዲያ ምንድነው? አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ በበትር እየተከላከለ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ በእግሩ ተነሥቶ ይመጣ የነበረው ወዴት ነው? ወደዚሁ ወደ እኛ አገር ነው። ድጓ የተማረ ሰው የሚያስመሰክረው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ ይወጣል፤ ቅዱስ ያሬድ ይህን ዜማ የደረሰው እዚያው ተራራ ላይ እንደሆነ አባቶች ይናገራሉ። አቋቋም ለመማር ደግሞ ጎንደር በአታ አለ፤ ደብረ ታቦርም አለ። ደቡብ ጎንደር ተማሪ የምትልክ ብቻ ሳትሆን ተማሪ የምትቀበል አገር ናት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ደብረ ታቦር ላይ የሚቆመው አቋቋም «ተክሌ» ይባላል። ያመጡት ሁላችሁም በቀልዳቸው የምታውቋቸው፣ የፎገራው ናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ፣ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። በቀልድ ብቻ ስለምናነሳቸው የሊቅነታቸው ነገር እየተረሳ መሄዱ ያሳዝነኛል። እኚህ ሰው ጣና ሐይቅ ላይ በነበሩበት ጊዜ ማዕበሉ መጥቶ ሲመለስ፣ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አይተው፣ ያንን እንቅስቃሴ ወደ መቋሚያው አመጡት ይባላል። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ በልጁም ስም ተጠራ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዳልተቀበለው ይነገራል። ደብረ ታቦር ግን ተቀበለችው፤ ቤቱም ሆነች። በክብረ በዓል ቀን ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል፦ በመጀመሪያ ቁም ዜማው አለ፤ ከዚያ ዝማሜው፣ መቋሚያው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ፤ ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ገብቶ መረግዱ፤ መጨረሻ ላይ እጅ ከእጅ የሚገጥምበት ጽፋት። ከእርጋታ ተነሥቶ ወደ ሞቅታ የሚወጣበት መንገድ በሥርዓት የተሠራ ነው። አንድ እንቅስቃሴ እንኳ በዘፈቀደ የለበትም።

ይህን የምለው ማኅሌቱን አንሥታችሁ ወደ ቴያትር መድረክ ውሰዱ ለማለት አይደለም። ማኅሌት ጸሎት ነው። ከአባቶች ፈቃድና ቡራኬ ውጭ ለትዕይንት የሚቀርብ አይደለም፤ እኔ በበኩሌ በትምህርት ቤት ልጆች ሲቀርብ ማየት አልፈልግም። ነገር ግን ልጆቼ፣ አንድ ሰው ውሃን አተኩሮ አይቶ አዲስ የእንቅስቃሴ ሥርዓት የፈጠረበት አገር ልጆች ናችሁ። «እነሱ ሁሉ ነገር አላቸው» ስትሉ ይህን አትርሱ።

አሁን ወደ ተጓዦቹ ልሂድ።

ከአድዋ ጦርነት በኋላ አንድ የሸዋ ልጅ ገና በልጅነቱ ወደ ሩሲያ ተወሰደ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላል። የተማረው የመድፍ ሙያ ነው፤ የጦር ሰው ሆኖ ነው የወጣው። ግን በአውሮፓ ከተሞች ሲኖር ሰዎች ማታ ማታ ትኬት ቆርጠው፣ ወንበር ይዘው፣ ተዋናዮች የሌላ ሰው ኑሮ ሲኖሩ እንደሚያዩ ተመልክቷል። ቴያትር የሚባለው ነገር አእምሮው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1910ዎቹ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ተውኔት ጻፈ፤ በአገራችን በዘመናዊ መልክ የመጀመሪያው ተውኔት የሚባለው ይህ ነው። ልብ በሉ፤ ያየውን እንዳለ አልገለበጠም። አውሬዎችን በተረት መልክ አናገራቸውና የዘመኑን የአስተዳደር ብልሹነት ተቸበት። ነገሩ የገባቸው ባለ ሥልጣናት አልወደዱትም፤ ተውኔቱ ታገደ። መታገዱ ራሱ ትርጉሙ ለተመልካቹ እንደደረሰ ይነግረናል።

ሁለተኛው ሰው ተሰማ እሸቴ ነው፤ የምንጃሩ፣ ኋላ ነጋድራስ የተባለው ባለ ቅኔ። አፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኩት ዘፈን እንዲማር አልነበረም፤ የመኪና ሙያ እንዲማር ነው። እሱ ግን በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ። በኢትዮጵያ የንግድ ሸክላ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች እነዚህ ናቸው። መቶ ዓመት ሲሞላቸው በፈረንሳይ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የሙዚቃ ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ሆነው እንደገና ወጥተዋል። እስቲ አስቡት፤ በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን የለም። ዘፋኙ ፊቱን ወደ አንድ ትልቅ ቀንድ መሰል ቱቦ አዙሮ ይዘፍናል፤ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌዋን አንቀጥቅጦ በሰም ላይ ይቀርጻል። ከቱቦው ከራቀ ድምፁ ይጠፋል፤ ከተጠጋ ይጮሃል። አንድ ሸክላ የሚይዘው ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ነው። እንደ ሠርግ ቤት ሰውን እያዩ፣ ግጥም እየተቀበሉ መዝፈን አይቻልም። ያ ሰው ማንም በማያጨበጭብበት፣ ማንም እልል በማይልበት ክፍል ውስጥ ቆሞ ለቱቦ ዘፈነ፤ ድምፁ ግን ዛሬም አለ።

(የሸክላ ማጫወቻ የመንኮሻኮሽ ድምፅ፤ ለአፍታ)

ሦስተኛው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው፣ ገና ተማሪ ሳለ ተውኔት የጻፈው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ሄዶ ለንደን በሮያል ኮርት ቴያትር፣ ፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የመድረክ ሥራን አጥንቷል። ያን ጊዜ ሮያል ኮርት የአዳዲስ ደራሲዎች ቤት ነበር፤ ተራው ሠራተኛ ሕዝብ በራሱ አነጋገር መድረክ ላይ የወጣበት። ኮሜዲ ፍራንሴዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1680 የተቋቋመ፣ የሞልየርን ወግ ጠብቆ የሚኖር ጥንታዊ ቤት ነው። አንዱ የሚያፈርስ፣ አንዱ የሚጠብቅ። ጸጋዬ ሁለቱንም አየ። ሲመለስ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ አመጣው፤ ኦቴሎ፣ ሐምሌት፣ ማክቤዝ በአማርኛ ተናገሩ። ግን እዚያ ላይ አልቆመም። የእኛን የደብረ ታቦሩን ንጉሥ፣ ቴዎድሮስን፣ የተውኔት ሰው አደረገው። ለእኔ የጉዞው ትልቁ ፍሬ ይህ ነው፤ የሰው አገር መድረክ ላይ ያየው ነገር የራሱን አገር ሰው እንዲያይ ዓይን ሰጠው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር የሚቀርብ ታሪክ ላንሣ። በዕድሜ የገፋችሁ አድማጮች የ1977ቱን ረሃብ አትረሱትም። የእብናትን መጠለያ የምታስታውሱ አላችሁ፤ በዚያ ሜዳ ሕፃን የቀበራችሁ እናቶችም ይህን ዝግጅት ትሰሙ ይሆናል። ስለዚያ ዘመን ሳወራ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን የዓለም ታላላቅ ዘፋኞች በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየምና በአሜሪካ ፊላደልፊያ በአንድ ቀን መድረክ ላይ ወጥተው ለኢትዮጵያ ገንዘብ አሰባሰቡ። ዌምብሌይ ብቻ 70 ሺህ ያህል ሰው ነበር። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1980፣ የእኛ ከያንያን መልሱን ይዘው ሄዱ። «ሕዝብ ለሕዝብ» ይባላል። ከየቴያትር ቤቱ የተውጣጡ ዘፋኞች፣ ተወዛዋዦች፣ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾች በአንድ ላይ ወራት ተለማምደው፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተማ ከከተማ እየዞሩ፣ እህልና መድኃኒት ለላከው ሕዝብ ምስጋና አቀረቡ።

ይህን ጉዞ ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣብኛል። የአውሮፓ ሰው በቴሌቪዥን ያየው ሐበሻ አፈር ላይ የተኛ፣ ዝንብ የከበበው፣ የማይናገር ሐበሻ ነበር። መጋረጃው ሲከፈት ያ ሕዝብ ቆሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ትከሻውን እየሰበቀ፣ እየዘፈነ መጣ። የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የትግራዩ፣ የወላይታው ጭፈራ ተራ በተራ ወጣ። ተመልካቹ ያን ማታ ያየው እንደ እሱ የሚደሰት፣ የሚያፈቅር፣ ሙታኑን በወግ የሚቀብር ሕዝብ ነው። ልጄ፣ «ምን እናሳያለን» ላልሽው አንዱ መልስ ይኸው።

ከዚያም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ አዲስ አበባ ላይ አዱኛ የተባለ የውዝዋዜ ቡድን ተቋቋመ። እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም ከችግረኛ ቤተሰብና ከጎዳና ከመጡ ልጆች ጋር ያቀረበው አንድ ትልቅ ትርኢት ነው መነሻው። የተመረጡት ልጆች ለዓመታት በየቀኑ ሠለጠኑ፤ ለዓመታት፣ ለሳምንታት አይደለም። ከእነሱ መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም ታዋቂ ለሆነው ጃፓናዊ የዳንስ ሰው ለሳቡሮ ቴሺጋዋራ ደቀ መዝሙር እንዲሆን ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ለንደን ውስጥ ሳድለርስ ዌልስ በተባለው ትልቅ የዳንስ ቴያትር «ዴስቲኖ» በተሰኘ ሥራ መድረክ ላይ ወጣ። ደቀ መዝሙርነት የሚለው ቃል ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ከየኔታ እግር ሥር መቀመጥ ማለት ነው። ያ ወጣት ለንደን የደረሰው የቆሎ ተማሪ ዙር አምባ በሚደርስበት መንገድ ነው፤ በልምምድ ብዛት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልን፣ እናንተ ብትሄዱ ምን ይገጥማችኋል? እዚህ ላይ ዝርዝር ነገር ልንገራችሁ፤ ሳይነግሯቸው የሄዱ ልጆች መድረክ ላይ ሲርበደበዱ አይቻለሁና።

አንደኛው ዝምታው ነው። እኛ አገር አዝማሪ ሲገጥም አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፣ «በል፣ በል» ይለዋል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ጨፋሪ ትከሻውን ሲሰብቅ እልልታው ቤቱን ያናውጠዋል። አውሮፓ አዳራሽ ውስጥ ግን ሰው በጨለማ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል። ልጆች ይህን ዝምታ ጥላቻ ይመስላቸዋል፤ ይደነግጣሉ፣ ጭፈራውን ያፈጥኑታል፣ ምቱ ይበላሻል። ዝምታው ግን ማዳመጥ ነው። የተመልካቹ ስሜት የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የጭብጨባው ርዝመት ራሱ ያስደነግጣችኋል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ልጆቹን ዝም ባለ ተመልካች ፊት አለማምዷቸው። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አስቀምጡና «እስኪያልቅ ድምፅ እንዳታሰሙ» በሉ። ከባድ ነው፤ ግን ይለመዳል።

ሁለተኛው መሣሪያችሁ ነው። እዚህ በክረምት የሚረግበው ቆዳ እዚያ በብርድ ወራት በማሞቂያ በደረቀ አዳራሽ ይወጠራል፤ አንዳንዴም ይተረተራል። የማሲንቆው ጅማት የፈረስ ጭራ ስለሆነ እሱም ከአየሩ ጋር ይለዋወጣል። ትርፍ ጭራ፣ ትርፍ ቆዳ፣ ለጭራው የሚሆን ዕጣን ይያዝ። መሣሪያው ከውጭ ብርድ ገብቶ ወዲያው ከመቃኘቱ በፊት መድረኩ አየር ውስጥ ሰዓት ያህል ይቀመጥ። ያ በከሰል ፍም ያሞቅ የነበረው ልጅ ይህን ሁሉ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል፤ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚገለብጠው።

ሦስተኛው ቅኝት ነው። ትልቅ ኦርኬስትራ ልምምድ ላይ ከገባችሁ መጀመሪያ የምትሰሙት ይህን ነው፤ ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ በሴኮንድ 440 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ ይቃኛል። እኛ ግን ማሲንቆውን የምንቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ፒያኖ ላይ ካለው ጋር ሁልጊዜ ልክ አይገጥምም። አንድ የፒያኖ ተጫዋች «ከእኛ ጋር ለመጫወት ማሲንቆህን ትንሽ ከፍ አድርግ» ቢለው ልጁ ምን ይበል? መጀመሪያ የራሱን ቅኝት ስም ጠርቶ፣ ዘፍኖ፣ ያሰማ። ከዚያ አብረው ይፈልጉ። የራሱን ሳያውቅ የሚያስተካክል ልጅ ቅኝቱን እዚያ ጥሎ ይመጣል።

ስለ ኖታ ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ቪየና የሙዚቃ ከተማ ናት፤ ሞዛርትና ቤትሆቨን የኖሩባት፣ እ.ኤ.አ. በ1870 የተከፈተው ወርቃማ አዳራሽ ያለባት። እዚያ ተማሪ ሁሉ ባለ አምስት መስመር ኖታውን ዘርግቶ ይጫወታል። «እናንተስ ትጽፋላችሁ?» ብለው ቢጠይቋችሁ አትፈሩ። የድጓ መጽሐፍ የገለጠ ሰው ከፊደሉ በላይ የተቀመጡትን ጥቃቅን ምልክቶች አይቷል፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ቁርጥ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሯቸው ናቸው ይባላል። የአውሮፓው ኖታ የድምፁን ከፍታና ርዝመት ይነግራል፤ የእኛው ግን ከመምህር አፍ የተማርከውን ዜማ ያስታውስሃል። መምህር ከሌለ ምልክቱ ብቻውን አይናገርም። ይህን ማስረዳት የሚችል የደብረ ታቦር ልጅ ቪየና ውስጥ እንግዳ ብቻ አይሆንም፤ መምህርም ይሆናል።

ለንደን ከደረሳችሁ ግን ከመድረኩ ሌላ የሚጠብቃችሁ ጉዳይ አለ፤ መነሻው ግን እዚሁ እኛ ጋ ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ጋፋት አለች። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖልን፣ 70 ኩንታል የሚመዝነውን መድፍ፣ ያስቀለጡባት። መድፉን ሰው በትከሻውና በገመድ እየጎተተ መቅደላ ድረስ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ንጉሡ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት ወሰደ፤ 350 ያህሉ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ልጃቸውን ዓለማየሁንም ወሰዱት፤ የሰባት ዓመት ልጅ። በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ አፅሙ ዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አለ። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በኩል አዎንታዊ መልስ አላገኘም። የንጉሡ ጸጉር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ለንደን የሚደርስ የተማሪ ቡድን ትርኢቱን ብቻ አሳይቶ፣ ድልድይና ሰዓት ፎቶ አንሥቶ ቢመለስ እኔ በጣም አዝናለሁ። እነዚያ ብራናዎች በአገራችሁ የተጻፉ ናቸው። ቀደም ብሎ በደብዳቤ ከተጠየቀ ማየት የሚቻልበት መንገድ አለ። ከልጆቹ መካከል ግዕዝ ማንበብ የሚችል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም አብነት ቤት ያለፈ አንድ እንኳ ቢኖር፣ እሱ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ከዚያ ዊንድዘር ሄደው፣ ብቻውን ላደገው የእኛ ልጅ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙ።

(ዋሽንት፤ አጭር)

አሁን ወላጆች፣ ወደ እናንተ መጣሁ።

አንድ ሰው መጥቶ «ልጃችሁን አውሮፓ እወስዳለሁ» ቢላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት የጋባዡን ቤት ስምና የግብዣውን ደብዳቤ ነው። የመመለሻ ትኬት ማን ይከፍላል? ማታ ልጆቹ ጋ ማን ያድራል? ሴት ልጆች ካሉ ሴት መምህርት አብራ ትሄዳለች ወይ? ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ከሆነ፣ ምን ይበላሉ? ሙስሊም ልጆች ካሉ ሐላል ምግብ ተጠይቋል? ይህን በግልጽ የማይመልስ፣ ወይም «ለፕሮሰስ» ብሎ ከእናንተ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ካጋጠማችሁ ልጃችሁን አትስጡት። አብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ይገባል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን ጊዜው አልፏል። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ግድ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ለብቻዋ ሌላ ቪዛ አላት። እኔ የማውቀው አንድ ቡድን ክረምቱን ሙሉ ተለማምዶ፣ ልብሱን አሰፍቶ፣ ወረቀቱን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ትቶት ሳይሄድ ቀረ። የተጋበዙበት በዓል ቀን ሲያልፍ ልጆቹ ጥበብ ልብሳቸውን አጣጥፈው ሲያስረክቡ የነበረው ፊታቸው ዛሬም አይጠፋኝም።

እዚያ ሄዶ ስለሚቀር ሰውም ይጠይቁኛል። የአገር ሁኔታ ባስገደደው ትልቅ ሰው ላይ ፍርድ አልሰጥም። ከሕፃናትና ከተማሪዎች ጋር ሲሆን ግን መሪው መምህር የወሰዳቸውን ልጆች ቆጥሮ ወስዶ፣ ቆጥሮ ለወላጅ የሚያስረክብ መሆን አለበት። አንድ ቡድን ሳይሟላ ሲመለስ በሩ የሚዘጋው ለሚቀጥሉት ልጆች ነው።

ስለዚያች ልጅ ልጨርስ። ከዚያ የዝናብ ቀን በኋላ አንድ ሥራ ሰጥቻት ነበር። አያቷ ጉና ሥር ነው የሚኖሩት። «ሂጂና አያትሽ እንዴት እንደሚጨፍሩ አይተሽ በደብተር ጻፊልኝ፤ ከእናንተ የክበብ ጭፈራ የሚለየውን ብቻ» አልኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣች። ከጻፈችው አንዱ ይህ ነበር፦ «እኛ ትከሻችንን ወደ ፊት ነው የምንጀምረው። የአያቴ ትከሻ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ እንስራ ሳዝል የለመደ ትከሻ ነው፣ ገመዱን እንደማስተካክል ነው አለችኝ።» እኔ ይህን ያህል ዘመን ጭፈራ አይቼ አላስተዋልኩትም ነበር።

ዓርብ ዕለት አያቷን ይዛቸው ወደ ልምምዱ መጣች። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከምድጃው አጠገብ ወንበር ሰጧቸው። ማሲንቆ መቺው ልጅ ቆዳውን እያሞቀ ነበር። አሮጊቷ ትንሽ ካዳመጡ በኋላ «ገና ነው፣ ልጄ» አሉት፤ እሱም መልሶ ወደ ፍሙ አስጠጋው።

(ማሲንቆ፤ እየጎላ ሄዶ ዝግጅቱን ይዘጋል)